የቮልሷ ድንጋይ

መኪና አልወድም። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። አዳማ ተቀምጦ መኪና የማይወድ ሰው ብርቅ ነው፤ ግማሹ ከተማ ሹፌር ነው፣ ግማሹ ደግሞ የሹፌር ዘመድ። እኔ ግን ያለኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በደንብ የማውቀው ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀት ሲነክስ ክዳኑን ከፍቼ ወረቀቱን ስቤ አወጣለሁ፣ አለቀ። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ የአንዲት አሮጌ ቮልስ አሽከር ሆኜ የኖርኩት።

ቮልሷ የባለቤቴ የሉሊት አባት፣ የጋሼ አብተው ነበረች። ጋሼ አብተው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ መልካሳ እርሻ ምርምር ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያች ሰማያዊ ቮልስ ዕድሜ ልካቸውን ከአዳማ መልካሳ ተመላልሰዋል። ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ ዘመድ ወዳጁ አልጋቸውን ከቦ ሳለ እጄን ያዙና "ንዋይ፣ ቮልሷን አደራ። ቆማ እንዳትቀር" አሉኝ። ወንድም አላቸው፣ የወንድም ልጆች አሏቸው፣ ሁሉም ሞተር ፈታተው የሚገጥሙ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን መረጡ። "እሺ ጋሼ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? በሞት አፋፍ ያለ ሰው አደራ ሲል "ኧረ እኔ መኪና አላውቅም፣ ለሌላ ይስጡልኝ" ይባላል? በዚያው ሳምንት አረፉ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል የአገሬ ሰው። የእኔን "እሺ" ደግሞ ከአክስት እስከ ጎረቤት ያልሰማ አልነበረም። ገና የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ "ቮልሷንስ መቼ ታስነሳታለህ?" ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ አደራ በላ ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ።

የምንኖረው በእሳቸው ቤት፣ ከአማቴ ከእትዬ እናትነሽ ጋር ነው። ቮልሷም እዚያው ግቢ ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ መንገድ ዳር፣ የራሷ ቆርቆሮ ተሠርቶላት ቆማለች። ጋሼ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ጀምሮ ከቦታዋ ፍንክች ብላ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ እየጎተትኩ የወሰድኳት ወደ መሐመድሰዒድ ጋራዥ ነው። መሐመድሰዒድ የወሎ ልጅ ነው፤ ምላሱ ማር ነው። የኋላ ክዳኗን ከፈተ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ይሄንንም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አየት አደረገና "አብሽር ጋሽ ንዋይ፣ ትንሽ ነገር ናት" አለኝ።

ትንሿ ነገር ካርቡራተር ነበረች። ካርቡራተሩ ሲስተካከል ለካ የቤንዚን ፓምፑ ሞቷል። ፓምፑ ሲቀየር ታንከሩ ውስጡ ዝጎ ኖሮ ዝገቱን ወደ አዲሱ ፓምፕ ላከው። ታንከሩ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ብስኩት እየተፈረፈረ ወረደ። ለላሜራው በያጅ ተጠራ፣ ከበያጁ በኋላ ቀለም ቀቢ ተጠራ። ቀለም ቀቢው ቀለሙን ቢልጠው ስቱኮ፣ ስቱኮውን ቢልጠው ሌላ ስቱኮ፣ ከዚያ በታች ዝገት፣ ከዝገቱ በታች ምንም። ምንም ስል ምንም ማለቴ ነው፤ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ በእግሮቼ መሀል የጋራዡን መሬትና አንዲት የምትጭር ዶሮ አየሁ።

እነዚህ ባለሙያዎች አንድ ጸሎት አላቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ዕቃውን ያዩና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ማነው የነካው?" ይላሉ። በያጁ መካኒኩን ይረግማል፣ ኤሌክትሪሻኑ በያጁን ይረግማል፣ ወንበር ሰፊው ከእሱ በፊት የነበሩትን በሙሉ ይረግማል። ሁሉንም የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ የሚረገመው ገንዘቤ ነበር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ "ኦሪጅናል ነው፣ ከነፕላስቲኩ" ብለው የሸጡልኝን መለዋወጫ ይዤ ስመለስ መሐመድሰዒድ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ዕቃው ጥሩ ነበር፤ የሌላ ዘመን ቮልስ ነው እንጂ" አለኝ። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ከጋራዡ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። እንዲህ ቮልሷ ብር ባገኘሁ ቁጥር ወደ ጋራዡ እየተጎተተች፣ ሲያልቅብኝ ወደ ግቢ እየተመለሰች ከረመች።

ብር ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። ብር ይመጣል፣ ይሄዳል። እሑዶቼን በላችብኝ። ወገቤን በላችብኝ። ለሱቄ አዲስ ማሽን ልገዛበት ያስቀመጥኩት ሆዷ ውስጥ ገባ፤ ደንበኞቼም አጠገቤ ባለ ቀለም ማሽን ወደከፈተው ልጅ ተሻገሩ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። እሱም ይሁን፤ ዋናው ነገር የመጣው በሉሊት በኩል ነው።

ሉሊት የፀጉር ባለሙያ ናት። ሳሎኗን ከፍታ የምትሠራው ተከራይታ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አከራይዋ "እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቂ፣ ቤቱን ለሌላ ነገር ፈልገነዋል" አሏት። በዛሬ ጊዜ አዳማ ውስጥ መንገድ ዳር ቤት ፈልጎ መከራየት እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፤ ገና በር ሳታንኳኩ ነው ዋጋው የሚመልሳችሁ። ቤት ካላገኘች መዝጋቷ ነው። አሥር ዓመት ጎንበስ ብላ ያፈራቻቸው ደንበኞች መበተናቸው ነው። እኛ ግቢ ደግሞ ቦታ አለ። ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ የለበሰ። ግድግዳ ቢቆምለትና በመንገዱ በኩል በር ቢወጣለት ሳሎን ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኗ ወደዚያ ሄዶ ቀረ። "በይ ንገሪኝ፣ የምታስቢውን" አልኳት።

"ምን እላለሁ? የአባቴ አደራ ነው" አለች። "እማዬም ከአባዬ የቀራት እሷ ብቻ ናት። እባክህ እንዳትነግራት፤ ቤት ልቀቂ መባሌን ከሰማች ቦታውን ዓይኔ የፈለገው ይመስላታል።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። እትዬ እናትነሽ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቮልሷን ይዞራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከጋሼ ነፍስ ጋር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሸራ ያለብሷታል፤ ጥግ ጥጉን እየጎተቱ፣ ጎማዋ እንኳ ብቅ እንዳይል አድርገው። ይሄን እያየሁ "ቮልሷን ሌላ ቦታ እናቁማት" የሚል ቃል ከየት ይውጣኝ? ኡበይደላ የሚባል የሻሸመኔ ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ቮልስ እየሰበሰበ፣ እያደሰ፣ ለሠርግ የሚያከራይ። ሁለት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ "አደራ አይሸጥም" ብዬ ከበር መለስኩት። በሁለተኛው ጊዜ እትዬ እናትነሽ በረንዳ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። አኮራኋቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝም ነኝ፣ የወረቀት ነጋዴም ነኝ።

ግንቦት ሲገባ መሐመድሰዒድ ሞተሩን ግቢያችን መጥቶ አስነሳው። ቮልስ አነሳሷን ታውቁታላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እትዬ እናትነሽ ከቤት ወጡ፣ ቆመው አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አብሬ እንባዬ መጣ። በልቤም አንድ ነገር ቆረጥኩ። እትዬን ቮልሷ ላይ አስቀምጬ ጋሼ ሲመላለሱበት በኖሩት መንገድ መልካሳ ደርሰን እንመለሳለን። ያኔ አደራዬን ተወጣሁ ማለት ነው። ስንመለስ ደግሞ፣ ደስ ብሏቸው ሳለ፣ ጉልበታቸውን ስሜ "ቮልሷን የጋሼ ወንድም ግቢ እናቁማት፣ ቦታው ለሉሊት ይሁን" ብዬ እለምናቸዋለሁ።

በእሑድ ተነሳን። ሉሊት ሙሽራ ስለነበረባት ሥራ ሄዳለች። እትዬ እናትነሽ ከቤት ሲወጡ አይቼ ገረመኝ። ሸራ ጫማ አድርገዋል። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በአንድ እጃቸው ትልቅ ፌስታል ይዘዋል፤ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ጋቢም አለ።

"እትዬ፣ መልካሳ እኮ ነው የምንሄደው። እዚህ ነው።"

"ግድየለህም ልጄ፣ አይከብደኝም" አሉና ገቡ።

ወደ መልካሳ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ቮልሷ እየዘፈነች ወረደች። ባጃጆች ክላክስ ያደርጉልናል፣ ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔ መሪውን ይዤ ከመኪና ጋር ታርቄያለሁ ማለት ቃጣኝ። እትዬ ግን ከፊታቸው ያለችውን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ጋሼ ይሠሩበት ከነበረው ግቢ በር ላይ ስንደርስ ቆም አደረግኩና "ወርደው አያዩትም?" አልኳቸው።

"አየሁት። ሞተሩን እንዳታጠፋ። እንመለስ።"

ድምፁ ናፍቋቸው ነው ብዬ አዞርኩ።

ስንመለስ አቀበቱን ጀምረን ትንሽ እንደወጣን እግሬ ሥር ጧ የሚል ነገር ሰማሁ። የፍሪሲዮኑ ሽቦ ተበጠሰ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ቮልሷ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ። እጅ ፍሬኗ ከጋሼ ዘመን ጀምሮ ጌጥ ናት። ከኋላችን የጭነት መኪና እየወጣ ነው።

ምን ልበላቸው ብዬ ስዞር ወንበራቸው ባዶ ነው። እትዬ እናትነሽ ወርደዋል። ወደ ፊት ዞሩ፤ የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት ነው። ክዳኑን በጡጫቸው አንዴ መታ አደረጉት፣ ተከፈተ፤ እኔ ያን ክዳን ያለ ዊንጥላ ከፍቼ አላውቅም። ከውስጡ አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጡ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። መሐመድሰዒድ ሊጥለው ሲል "አደራ ከነዕቃው ነው" ብዬ ከልክዬ፣ በሳሙና አጥቤ የመለስኩት ድንጋይ ነው። ወደ ኋላ ጎማ ወሰዱት፣ ከሥሩ አስገቡት፣ በሸራ ጫማቸው ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረጉትና "አንሳ እግርህን" አሉኝ።

አነሳሁ። ቮልሷ ቆመች። የጭነት መኪናውም አልፎን ሄደ።

እትዬ እጃቸውን አራገፉ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ጋቢውን መንገዱ ዳር ያለ ቋጥኝ ላይ አነጠፉ፣ ቁጭ ብለው ቆሎውን ከፈቱ። "ና ተቀመጥ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ድሮም እዚች ጋ ነው የምትቆመው፤ የዚያች ግራር ጥላ እስኪዞር ሰው አይጠፋም።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አራት ዓመቴ እዚያ አቀበት ላይ ቆሞ አየሁት። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ደስ እንዲልዎት ነበር የለፋሁት።"

"ማን? እኔ ደስ እንዲለኝ?" ዞረው አዩኝ። "አንተ ስለምትወዳት አይደለም እንዴ?"

"እኔ?" ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "እውነቱን ልንገርዎት? እጠላታለሁ። ቆሽቴን አሳርራዋለች። ስተኛ እሷን፣ ስነሳ እሷን። አንድ ቀን ሌባ በወሰዳት እያልኩ በሩን ሳልቆልፍ አድሬ አውቃለሁ፤ ሌባውም ንቋት ሄደ። ለአደራው ብዬ ነው እንጂ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔ ከዚች ጋር ምን አለኝ?"

እትዬ ማኘካቸውን አቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳቸው ብዬ ክው አልኩ። ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ፣ ትን አላቸው፣ ውሃ አቀበልኳቸው፣ ጠጥተው እንደገና ሳቁ።

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት የሚያናግሯት?" አልኳቸው።

"እረግማታለሁ።"

"ከቤተ ክርስቲያን መጥተው?"

"የንስሐ አባቴ ያውቃሉ።"

"ሸራ የሚያለብሷትስ?"

"እንዳላያት ነዋ። አንዴ ከሸፈንኳት እስከ ጠዋት ድረስ የለችም።"

"ሞተሯ የተነሳ ዕለት ሲያለቅሱ አይቻለሁ እኮ።"

"እንዴት አላልቅስ? ሞታ ተገላገልኩ ስል ከሞት አስነሳህብኝ።"

ኡበይደላን የመለስኩበት ቀን ስለተነፈሱት ትንፋሽ ልጠይቅ ፈለግኩና ተውኩት። መልሱን አውቄዋለሁ።

ከዚያ እሳቸው ያወሩ ጀመር። ሉሊትን ሊወልዱ ምጥ ይዟቸው ሆስፒታል ሲሄዱ ቮልሷ መንገድ ላይ ቆማ፣ በጋሪ ነው የደረሱት። በየዓመቱ ጋሼ "ዘንድሮ ላንጋኖ እወስድሻለሁ" ይሉ ነበር፤ አንዱን ዓመት መቂ ላይ ቆሙ፣ አንዱን ዓመት ዝዋይ ላይ፣ አንዱን ዓመት ገና ሞጆ ላይ። ድንጋዩን የማስገባት ሥራ የእሳቸው ነበር፤ ጋሼ ከፍሬኑ ላይ እግራቸውን ማንሳት አይችሉማ። "ለልደቱም፣ ለጥምቀቱም በለበስኩት ቀሚስ ጎማ ሥር ተንበርክኬያለሁ" አሉ። "እሱን እወደው ነበር፣ ንዋይ። በጣም እወደው ነበር። እሷ ግን አብራው መጣች፤ ነጥዬ መውሰድ አልቻልኩም። ሆስፒታል ውስጥ አደራ ሲልህ አጠገቡ ቆሜ፣ ይሄ ልጅ ምን በድሎህ ነው እያልኩ ነበር በሆዴ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዴት አድርጌ? ወንድሙ ዘወር ብሎ ያላየውን የሞተ ሰው ቃል አንተ ያዝኩ ብለህ ስትንከራተት 'ተወው፣ ጣለው' ልበልህ? ይሉኝታ የለኝም?"

እኔም ይሉኝታ፣ እሳቸውም ይሉኝታ። ሁለታችንም አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ለሌላው ብሎ የማይወዳትን መኪና ሲያሽሞነሙን ከረምን። ይሄኔ ሉሊት ትዝ አለችኝ። እንዳትነግራት ብላኝ ነበር፤ ነገርኳቸው። ልቀቂ መባሏን፣ ሰኔ እየደረሰ መሆኑን፣ ቦታውን እያየች ዝም ማለቷን፣ ሁሉንም።

እትዬ እናትነሽ ከቋጥኙ ተነሱ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። "ልጄ ሥራዋን ልታጣ ነው? ለዚች ቆርቆሮ ብላ? እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ?" ቮልሷን አዩዋት። የጠዋቱን እርግማን ያን ጊዜ ጮክ ብሎ ሰማሁት፤ እዚህ አልደግመውም።

"ትሂድልን" አሉ።

"እትዬ፣ አደራው እኔ አንገት ላይ ነው" አልኩ። "ሰው ሁሉ ሰምቷል። እንዲሁ ብሸጣት ጋሼ አልጋ ላይ ተኝተው እጄን የያዙኝ ያህል ሲከተሉኝ ነው የሚኖሩት። አልችልም።"

በዚህ መሀል አንድ አይሱዙ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ሸምግለዋል፤ ከጋቢናው ወርደው ቮልሷን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ ፈገግ አሉ። "አካም፣ አዴ እናትነሽ። አሁንም እዚሁ ናችሁ?" ኦቦ ሆራ ይባላሉ። ጋሼን ከዚሁ አቀበት ስንት ጊዜ ጎትተው እንዳወጡ እሳቸውም አያስታውሱትም። ገመድ ሊያወጡ ሲዞሩ እትዬ እጃቸውን ያዟቸው።

"ኦቦ ሆራ፣ ገመዱ ይቆይ። መጀመሪያ ምስክር ይሁኑኝ።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደኔ ዞሩ። "ባሌ አብተው ለዚህ ልጅ አደራ ሰጥቶ ነበር። ልጁ አደራውን ጠብቋል፣ አስነስቷታል፣ መልካሳ ድረስም አድርሷታል። እኔ ሚስቱ አደራውን ከእጁ ተቀብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንገቱ ነፃ ነው። የሚጠይቅ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ፤ በሰማይም እኔው እመልሳለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እዚያ ስንገናኝ ደግሞ የምለው አለኝ" አሉ።

ኦቦ ሆራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁን። "ነጋ ሃ ታኡ። ሰላም ይሁን። የሄደው በሰላም ይረፍ፣ የቀረው በሰላም ይሥራ።" አሜን አልን። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ አስፋልት ዳር ነው። ቋጥኙ ላይ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩም፣ አላፍርም።

ኦቦ ሆራ ጎትተው ቤት አደረሱን። ሉሊት ከሥራ ገብታ በር ላይ ጠበቀችን፤ የተጎተተችውን ቮልስ አይታ ፊቷ ጠቆረ። እትዬ ከአይሱዙው ጋቢና ሳይወርዱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና "ሉሊት፣ ግንበኛ ጥሪ" አሏት።

ለኡበይደላ የደወልኩት በማግስቱ ነው። የጭነት መኪና ይዞ መጣ። የኋላ ክዳኗን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገ፣ "ማነው የነካው?" አለ። ከንፈሬን ነከስኩ። ሽቦው መበጠሱን፣ እጅ ፍሬኗ ጌጥ መሆኗን፣ ወለሉ አዲስ ብየዳ መሆኑን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ኋላ እንዳይወቅሰኝ። ይሰማኛል ብላችሁ ነው? መዳፉ ጣሪያዋን ያሻሻል። "ትንሽ ነገር ናት" አለ ለራሱ። በዓይኔ ፊት ሸክሙ ከእኔ ጀርባ ወርዶ የእሱ ጀርባ ላይ ሲወጣ አየሁት፤ እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ነው የተሸከመው። እንዲህ ያለ ሰውም አለ፤ አላህ ያበርታው።

ቮልሷ ተጭና ሊሄዱ ሲሉ እትዬ እናትነሽ ቆይ ብለው ድንጋዩን አመጡ። "ይሄ የእሷ ነው። ከኋላ ጎማ፣ በስተቀኝ። ሚስት አለህ?"

"አለኝ፣ እማማ" አለ ኡበይደላ።

"አታስተምራት። አንተው አስገባ።"

መኪናው በመንገዱ ሲታጠፍ እትዬ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። ሳልጠይቃቸው "ይሄኛው እንባ ለእሱ ነው" አሉኝ።

ሰኔ ሳያልቅ ግድግዳው ቆመ። ሉሊት ሳሎኗን ከማዛወሯ በፊት እናቷን ይዛ በሚኒባስ ላንጋኖ ሄደች። ከዚያ ሆነው እትዬ ደወሉልኝ። "ደረስን" አሉ። ከዚያ "ውሃው ቡኒ ነው፣ ንዋይ። ዕድሜ ልኬን የጓጓሁለት ውሃ ቡኒ ነው። ግን ደረስን" አሉ። ሲስቁ ይሰማኛል።

ሳሎኑ የተከፈተ ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሳቸው ሆኑ። ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ መንገድ ዳር፣ ቮልሷ በነበረችበት ቦታ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው፣ ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጭንቅላታቸው ላይ ወርዶ እንደ ንግሥት ተቀምጠዋል። ከአሮጌው ቤት ተከትለዋት የመጡ ደንበኞች ወንበሩን ሞልተውታል። እኔ ዳቦ እየቆረስኩ አድላለሁ። በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ካስኩ እየጎተተ፣ እያቃሰተ ጸጥ አለ። ሉሊት በድንጋጤ ወደ እናቷ ዞረች፤ የመክፈቻ ቀኗ ነው።

እትዬ እናትነሽ ከካስኩ ሥር ዓይናቸውን ከፈቱ። "ቆመ አይደል?" አሉ። "እኔ ደግሞ ድንጋዩን ለሻሸመኔው ሰጥቼዋለሁ።"

ሉሊት መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እናቷን። የያዘችውን ማበጠሪያ ጣለች፣ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ሳቀች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ደንበኞች ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ።